አምስት እና ሰባት የጥያቄ ምልክት

«ስም የሌለው አይወጣም አባቴ፤ ስንት ጊዜ ልንገርዎት?» አለች በመስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ።

ይህን የምትለው ከሰልፉ ፊት ለቆመ ልብስ ሰፊ ነው። ልብስ ሰፊ መሆኑ የሚታወቀው አንገቱ ላይ በተንጠለጠለው ቢጫ ሜትር ነው፤ ከሱቁ ሲወጣ ማውለቁን ረስቶ ይሁን፣ ሁልጊዜም እንዲሁ ይዞት የሚዞር ይሁን አይታወቅም። ዕድሜው ወደ ሰባ ይጠጋል፤ በከንፈሩ መርፌ የያዘ ይመስል አፉን እምብዛም ሳይከፍት ይናገራል። «ስምማ አላት። እኔው ነኝ ያወጣሁላት» አለ። ልጅቷ ክርክሩ ሰልችቷት የኮምፒውተሩን ስክሪን በሁለት እጇ ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችው። «ይኸው! እርስዎ ራስዎ ያንብቡልኝ።» ልብስ ሰፊው መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደ። ከእሱ ቀጥላ የተሰለፈችው ጡረተኛ ጸሐፊም በትከሻው ላይ አሻግራ አየች። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች በጥያቄ ምልክት ተሞልቷል። የረድፉ ቁጥር አለ፣ የመቃብሩ ቁጥር አለ፣ ቀኑ አለ፣ ዕድሜው አለ፤ ስም መሆን በነበረበት ቦታ ሁሉ ግን የጥያቄ ምልክት ተደርድሯል፤ አንዳንዱ አጭር፣ አንዳንዱ ረጅም። ጸሐፊዋ መጀመሪያ ያየችው ግን ሌላ ነገር ነው። ከቁጥሩ በኋላ ሁለት ባዶ ቦታ፣ ከስሙ በኋላ አንድ። በዚህ ቢሮ እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ ከእሷ በቀር አልነበረም። የገዛ እጅ ጽሑፏን በሰው ቤት ግድግዳ ላይ ያገኘች ያህል ደነገጠች።

«ሲስተሙ ነው እንጂ እኔ ምን አደረግሁ?» አለች ልጅቷ፣ ስክሪኑን ወደ ቦታው እየመለሰች።

«ይሄ ሲስተም የሚሉት ሰውዬ ቢሮው የት ነው?» አለ ልብስ ሰፊው። «በየሄድኩበት እንቢ የሚለኝ እሱ ነው። አንድ ቀን ፊት ለፊት ባገኘው ደስ ይለኛል።»

ከኋላ የቆሙት ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ሳቁ፤ ሳቁ ቶሎ አለቀ።

ጸሐፊዋ ዛሬ እዚህ ሰልፍ ላይ እንደምትቆም ትናንት አታውቅም ነበር። ጧት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ለተቀመጠው ባሏ ካልሲ እያጠለቀችለት ነበር። ግራ ጎኑ ከሰነፈ ወዲህ የግራውን የምታለብሰው እሷ ናት፤ የቀኙን ራሱ ይታገለዋል፣ እንድትነካበትም አይፈልግም። ራዲዮኑ ስለ አሮጌው መቃብር ቦታ ተናገረ፦ ቦታው ለመንገድ ተፈልጓል፣ ወገን ያለው አጽሙን ለማንሣት የሚመዘገብበት ጊዜ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል፣ ያልተመዘገበው ከነገ ጧት ጀምሮ በአንድ ጉድጓድ ይጠቃለላል። ማስታወቂያው ወር ሙሉ ሲነገር ሰንብቷል፤ በተነገረ ቁጥር ከሁለት አንዳቸው ድምፁን ይቀንሱታል። ዛሬ ግን የእሷ እጅ ካልሲው ላይ ነበር፤ የእሱም እጅ ከጉልበቱ አልተነሣም። ግድግዳውን እያየ፣ «ሚጣን አምጫት» አለ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ያልተጠራ ስም ነው። ካልሲው ተረከዙ ላይ ተሰብስቦ ቀረ። «የት አደርጋታለሁ?» አለች። «ከእኔ ጋር። እኔ ስሄድ ከእኔ ጋር» አለ፤ ከዚያም የቀኙን ካልሲ ፈልጎ አነሣ። ሻዩን ቀድታለት፣ የበሩን መዝጊያ እንዳይጮህ ቀስ አድርጋ ስባ ወጣች።

ሚጣ የቤት ስሟ ነው። በሁለት ዓመቷ፣ ኩፍኝ በየቤቱ በገባበት ወር ሞተች። እናትየው በዚያው ሆስፒታል በሌላ ክፍል በትኩሳት ተኝታ ስለነበር አልቀበረቻትም፤ የቀበራት አባትየው ነው። የመቃብሩ ቁጥር የተጻፈበትን ቁራጭ ወረቀት ግን በዚያው ሳምንት ምድጃ ውስጥ ጨመረው። ለምን ብላ አልጠየቀችውም፤ እሱም አልነገራትም። ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ የሚያልፍ አውቶቡስ እንኳ አልተሳፈሩም፤ ዞሮ የሚሄደውን ይጠብቃሉ። ዛሬ በሩ ላይ ስትደርስ ከጀርባዋ የተናገረው ምልክት፣ «ከግንቡ አጠገብ፣ ከዛፉ ሥር» የሚል ብቻ ነው። ግንቡ ፈርሷል። ዛፉ ከተቆረጠ ሃያ ዓመት አልፎታል።

ቁጥሩን ልታውቀው ይገባት ነበር። የመቃብሩን መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ያስገባችው እሷው ናት፤ አሥራ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ስም፣ በሁለት ዓመት ተኩል። ጎበዝ ጸሐፊ ግን የሚጽፈውን አያነብም። ዓይን ወረቀቱ ላይ፣ ጣት ቁልፉ ላይ፣ ሐሳብ ሌላ ቦታ ነው፤ ያነበበ ይዘገያል፣ የዘገየ ይሳሳታል። እሷ ደግሞ በፍጥነቷ «መትረየስ» የሚል ስም የወጣላት ሴት ነበረች። የሚጣ ገጽ የደረሰ ቀን ማስመሪያውን ከመስመሩ ሥር አስጠግታ፣ እንደ ሌላው ሁሉ ሳታነብ አለፈችው። ገጹ ሲያልቅ ተነሥታ ውኃ ጠጣች። ቁጥሩን ጣቶቿ ያውቁታል፤ እሷ አታውቀውም።

ተራዋ ሲደርስ ከልጅቷ ጋር አልተከራከረችም። «የኮምፒውተር ባለሙያው የት ነው የሚቀመጠው?» ብላ ብቻ ጠየቀች። በኮሪደሩ መጨረሻ ያለው ክፍል ነበር፤ የድሮ ክፍሏ። ጠረጴዛው ሳይቀር የእሷው ነው፤ የእጇ አንጓ ሲያርፍበት የነበረው ጠርዝ ቀለሙ ለቆ እንደነጣ ነው። ባለሙያው ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ጃኬቱን ወንበሩ ላይ የሰቀለ፣ ለውዝ እየፈለፈለ የሚበላ ልጅ ነው። ማን እንደሆነች ስትነግረው ብድግ አለ። «እትዬ መትረየስ ማለት እርስዎ ነዎት? ስምዎን ስሰማ ኖሬ፣ እኔ እኮ ወንድ ይመስለኝ ነበር!» ብሎ ወንበሩን ለቀቀላት፤ ለውዙንም አቀረበላት። አንድ ፍሬ ወሰደች፤ አልፈለፈለችውም።

የጥያቄ ምልክቱ ይመለስ እንደሆነ ጠየቀችው። መልሱን በቃል ከመናገር ይልቅ ማሳየት መረጠ። ከመሳቢያው አንድ ሲዲ አውጥቶ ከተተ፤ በዚያው በድሮው ፕሮግራም የተጻፈ፣ ከንብረት ክፍል የተገኘ ፋይል ነው አለ። ስክሪኑ ላይ የፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ መጣ፤ ኮፍያ የደፋ፣ ጭራ ያበቀለ፣ ነጥብ የተሸከመ። ጸሐፊዋ ትንሽ ጊዜ አየችው። ጣቶቿ የጠረጴዛውን ጠርዝ መታ መታ አደረጉ። ከዚያ፣ «አምስት የእንጨት ወንበር፣ አንዱ እግሩ የተሰበረ» አለች። ባለሙያው አፉን ከፍቶ ቀረ። «እንዴት አነበቡት?» አላት። «ጧት ጧት ፕሮግራሙ የኛን ፊደል ሳይጭን የሚነሣበት ቀን ነበር፤ ያኔ እንዲህ ነው የሚታየኝ። ልማድ ነው» አለችው፤ ድምፏ ውስጥ ግን ከጧት ጀምሮ ያልነበረ ነገር ገባ። ይህን ያነበበች ያንንም ታነባለች ብላ አሰበች።

«አይደለም እትዬ» አለ ልጁ፣ ያሰበችውን ከፊቷ ላይ አይቶ። «ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። እርስዎ ቁልፉን ሲመቱ ያስቀመጠው ቁጥሩን ነው። ይኸኛው ፋይል ላይ ቁጥሩ በቦታው አለ፤ የተለወጠው መልኩ ነው። ልብስ የቀየረ ሰው ይበሉት፤ የሚያውቀው ይለየዋል። የመቃብሩ ግን እንዲህ አይደለም። የጥያቄ ምልክትም ራሱን የቻለ ቁጥር አለው፣ ስድሳ ሦስት። አዲሱ ማሽን የድሮውን ቁጥር አላወቀውም፤ ያላወቀውን ሁሉ እያጠፋ በቦታው ስድሳ ሦስት ጻፈበት። አሥራ አንድ ሺህ ሰው፣ ሁሉም ስድሳ ሦስት፣ ስድሳ ሦስት፣ ስድሳ ሦስት። ከሥሩ የተደበቀ ነገር የለም። የተረፉት እነዚህ የቀንና የዕድሜ ቁጥሮች ናቸው፤ እነሱን ሁሉም ማሽን ያውቃቸዋል።»

«ዝም ብሎ አጠፋው?»

«ዝም ብሎማ አያጠፋም። ይጠይቃል። ‹አንዳንድ ፊደላት ሊጠፉ ይችላሉ፤ ልቀጥል?› ይላል። አንድ ሰው አዎ ብሎታል። ለእያንዳንዱ ፋይል አዎ ብሎታል። ማን እንደሆነ እንጃ፤ እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው።»

ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ፋይል ነበር። ጡረታ ልትወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀራት፣ በኮንትራት የመጣ ቸኳይ ባለሙያ የሥራውን ቅደም ተከተል በአምስት ተራ ቁጥር በወረቀት ጽፎ ሰጣት። አራተኛው፣ «ሲጠይቅሽ አዎ በይ» የሚል ነበር። ጥያቄው በማታውቀው ቋንቋ ነው የሚመጣው፤ ትንሽ ግራጫ ሣጥን፣ ከሥሩ ሁለት ቁልፍ። በቀኝ እጇ ሌባ ጣት ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ አዎ አለች። ከተባለው ጊዜ ሁለት ቀን ቀድማ ጨረሰች፤ ሰዎቹ አጨብጭበው የግድግዳ ሰዓት ሸለሟት። የወረቀቱ መዝገብ ምድር ቤት ውስጥ ውኃ ገብቶበት ስለነበር፣ «ኮምፒውተር ውስጥ ስላለ አያስፈልግም» ተብሎ በመኪና ተጭኖ ሲሄድም ምስክር ሆና የፈረመች እሷ ናት። ሰዓቱ እስከ ዛሬ ምግብ ቤታቸው ግድግዳ ላይ አለ፤ አምስት ደቂቃ ይቀድማል። ጸሐፊዋ ይህን ሁሉ ለልጁ አልነገረችውም። የለውዙን ፍሬ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ሚጣ የተቀበረችበትን ቀን ገጽ እንዲያትምላት ለመነችው።

ወረቀቷን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠች። ልብስ ሰፊው ከሌላኛው ጫፍ ተቀምጦ ነበር። እንዳየችው ለመሄድም ለመቆየትም አልወሰነም። ከቦርሳዋ እርሳስ አውጥታ ሥራ ጀመረች። ባለሙያው ያልነገራት፣ ምናልባትም የማያውቀው አንድ ነገር ነበር። በድሮው ፕሮግራም ፊደሉ ሁሉ እኩል ቦታ አይዝም። እርቃኑን የቆመ ፊደል አንድ ቁጥር ይይዛል፤ እግር ወይም ክንድ የተቀጠለለት ፊደል ሁለት ይይዛል፣ አንዱ ለአካሉ፣ አንዱ ለቅጥያው። እያንዳንዱ ቁጥር አንድ የጥያቄ ምልክት ሆኗል ማለት ነው። የሚጣ የመዝገብ ስም ሦስት ፊደል ነው፤ አንዱ እርቃን፣ ሁለቱ ቅጥያ ያላቸው። አምስት። የባሏ ስም አራት ፊደል፤ አንዱ እርቃን፣ ሦስቱ ቅጥያ ያላቸው። ሰባት። በዚያን ቀን የተቀበሩት ዘጠኝ ሕፃናት ናቸው፣ ሁሉም በረድፍ አሥራ ሰባት፣ ከቁጥር ሠላሳ ስምንት እስከ አርባ ስድስት። በእርሳሱ ጫፍ አንድ በአንድ ነካች። አምስትና ሰባት የሆኑት ሦስት ናቸው፦ አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት፣ አርባ ሦስት። በጾታው ዓምድ የምትጽፈው የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ነበር፤ የወንዱ እርቃን፣ የሴቷ ባለ ቅጥያ። አርባ ሁለት ላይ አንድ የጥያቄ ምልክት ብቻ አለ፤ ወንድ ነው። ሰረዘችው። አርባ አንድና አርባ ሦስት ቀሩ። ዕድሜ፦ ሁለት፣ ሁለት። ከዚያ ወዲያ የሚቆጠር ነገር አልነበረም፤ ቢሆንም ሁለት ጊዜ ደግማ ቆጠረች።

«ምን እየቆጠርሽ ነው እህቴ?» አለ ልብስ ሰፊው። ጥልፍ የምትቆጥር መስሎት ኖሮ ሳያስበው ተጠግቷል። አስረዳችው። ቶሎ ገባው፤ የዕድሜ ልክ ሥራው ስፌት መቁጠር ነው። «የኔንም ቁጠሪልኝ» አለ። ቀኑን ጠየቀችው። ነገራት። እርሳሷ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ያው ቀን ነው። የሴት ልጁ ስም አራት ፊደል ነበር፤ ሦስቱ እርቃን፣ አንዱ ባለ ቅጥያ። በጣቷ ቆጠረች። አምስት። የእሱ ስም ሰባት። ልጅቱ ስትሞት ሁለት ዓመቷ ነበር። «ታዲያ የት ናት?» አለ። ከሁለቱ አንዷ የእሱ፣ አንዷ የእሷ መሆኗን፣ የትኛዋ የማን እንደሆነች ግን ምልክቱ እንደማይናገር ነገረችው። ልብስ ሰፊው ወረቀቱን ወስዶ ወደ ብርሃን ከፍ አደረገው፤ ሸማ መሳሳቱን እንደሚያይ ሰው። ልጅቱ ስትቀበር የተሰጠው ወረቀት ከሚስቱ ሣጥን ውስጥ ነበር፤ ሚስቱ ሣጥኑን ይዛ ከሄደች ሠላሳ ዓመት ሆኗታል፣ የት እንዳለች አያውቅም። «ይህን ያደረገ እጁ ይሰበር!» አለ፣ ወረቀቱን እየመለሰ። ጸሐፊዋ እርሳሱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ቀኝ እጇንም አላወጣችም።

ነገሩ በኮሪደሩ ተሰማ፤ ሌሎችም ገጽ ገጻቸውን እያሳተሙ መጡ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ በገጽ ሁለት ብር የነበረውን እኩለ ቀን ሳይሆን ሦስት አደረገው። ለአንዲት ሽሮ ቀለም ሹራብ ለለበሰች ሴት ቆጠረችላት፤ አሥራ ሦስትና አራት፣ በዚያ ቀን አንድ ብቻ። ሴትየዋ የጸሐፊዋን ጉልበት ስማ፣ መርቃት፣ እያለቀሰች ሄደች። ጸሐፊዋ የተሳመ ጉልበቷን በእጇ ጠረገችው፤ ምርቃቱ የሌላ ሰው ዕቃ በስሕተት እንደተሰጣት ከበዳት።

ስምንት ሰዓት ላይ ኃላፊው ከስብሰባ ተመለሰ። ወፍራም፣ ላብ የማይለየው፣ ክፉ ያልሆነ ሰው ነው። ሁለቱንም አስቀምጦ ሰማቸው። «እኔ ስም መፍጠር አልችልም» አለ። «ግን ሁለታችሁ ከተስማማችሁ፣ ይህ የኔ ነው፣ ያኛው የሱ ነው ብላችሁ ከፈረማችሁ፣ ስሙን በአዲስ እናስገባዋለን። እኔ ማየት የምፈልገው ሁለት ፊርማ ነው። ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት።»

«ከተሳሳትንስ?» አለች ጸሐፊዋ።

ኃላፊው ወረቀቱን አገላበጠ። «ማን ያውቃል?» አለ፤ ሊያጽናናት ነበር።

ከጽሕፈት ቤቱ እስከ መቃብሩ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ልብስ ሰፊው በፊት፣ እሷ በኋላ ሆነው ሄዱ። ለመሄድ ምክንያት አልነበራቸውም፤ ሳያዩ መፈረም ግን ሁለቱንም አሳፈራቸው። የቀያሾቹ ችካል በየመቃብሩ ራስጌ ተተክሏል፤ በቀይ ቀለም ረድፉና ቁጥሩ ተጽፎበታል። ጥበቃው የጎማ ቦት ጫማ አድርጎ መንገዱን አሳያቸውና፣ «የልጆቹ ነው? የልጆቹ ቀላል ነው፤ ቶሎ ይወጣል» አላቸው። ቆፋሪው መኪና ጥግ ይዞ ቆሟል፤ ሹፌሩ እግሩን በመስኮቱ አውጥቶ ተኝቷል። ረድፍ አሥራ ሰባት ጋ ጉብታ የሚባል ነገር አልቀረም፤ መሬቱ እንደተተኮሰ ጨርቅ ልሙጥ ነው። አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት፣ አርባ ሦስት። ሣሩ አንድ ዓይነት፣ አፈሩ አንድ ዓይነት። አርባ ሦስት ላይ የጠርሙስ ስባሪ ነበር፤ ጸሐፊዋ ጎንበስ ብላ አነሣችው፤ ከዚያ ያነሣችው ለማን እንደሆነ አሰበች። አርባ ሁለት ማንም አልመጣለትም። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ በአርባ አንድና በአርባ ሦስት መካከል ለካ። ለምን እንደለካ እሱም አያውቅም። «ሁለት ሜትር ከሰማንያ» አለ።

ከዚያ ሜትሩን እየጠቀለለ፣ «አንቺ ምረጪ እህቴ» አላት። «አንቺ እናት ነሽ። እናት ሆድ ይነግራታል ይባላል።»

ሆዷ ምንም አልነገራትም። ሁለቱን ችካል እያየች ብዙ ቆየች። ሹፌሩ ሲያንኮራፋ ይሰማል።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምኑን?»

«አዎ ያልኩት። ማሽኑ ሲጠይቅ አዎ ያልኩት እኔ ነኝ። የተጠየቅሁት በማላውቀው ቋንቋ ነበር፤ አዎ በይ ተባልኩ፣ አዎ አልኩ። ሁሉንም።» ቀኝ እጇን ከቦርሳዋ አወጣችው፤ ሊያየው የሚፈልግ ይመስል።

ልብስ ሰፊው እጇን አየ። ጣቶቿ ቀጥ ያሉ፣ ጥፍሮቿ አጭር የተቆረጡ ናቸው። እርግማኑን አልመለሰውም፤ አልደገመውምም። ሜትሩን አንገቱ ላይ መልሶ ጫፍና ጫፉ እኩል እስኪሆን ጎተተው። «እንግዲያው ምረጪ ያልኩሽን ትቻለሁ» አለ። «የምመርጠው እኔ ነኝ። አርባ አንድ።» ለምን አርባ አንድ እንደሆነ አልተናገረም፤ እሷም ልትጠይቀው መብት ያላት አልመሰላትም። ጥቂት እርምጃ ከሄደ በኋላ ግን ሳይዞር ቆመ። «ቤት ምን ትሏት ነበር?» አላት።

«ሚጣ።»

«የኔን ኩኩ ነበር የምንላት።» ወደ እሷ ዞረ። «ምናልባት ያንቺ እኔ ጋ ከመጣች፣ በማታውቀው ስም እንዳልጠራት ብዬ ነው። ሁለቱንም እጠራለሁ። አንቺም እንደዚያ አድርጊ።»

ተመልሰው በአሥር ሰዓት ከሩብ ፈረሙ። እሱ ረጅም፣ እንደ ሲባጎ የተጠማዘዘ ፊርማ አለው። ባለሙያው ሁለቱን ስም በአዲሱ ፊደል ጻፈው፤ ፊደሎቹ ጥርት ብለው፣ እያንዳንዱ በየቦታው ወጡ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ስሕተት አልነበረበትም። ሲወጡ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ፣ «አገኛችሁ አይደል? እሰይ!» አለቻቸው፣ ከልቧ። ከመስኮቱ ፊት አሁንም ሰልፍ ነበር። በር ላይ ልብስ ሰፊው ወደ ግራ፣ እሷ ወደ ቀኝ ሄዱ። እጅ አልተጨባበጡም።

አውቶቡሱ ሞልቶ ስለነበር ቆማ ሄደች። ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ የሚሄደውን አልጠበቀችም፤ በመቃብሩ በኩል የሚያልፈውን ያዘች። ቤት ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ባሏ ወንበሩን ጎትቶ ወደ በሩ አዙሮት ተቀምጧል፤ በአንድ እጁና በአንድ እግሩ እንዴት እንደጎተተው እሱ ያውቃል። ሁለቱንም ካልሲ አድርጓል፤ የግራው ተረከዙ ላይ እንደተሰበሰበ ነው። ጧት የቀዳችለት ሻይ እንዳለ ቀዝቅዟል። ራዲዮኑ ተዘግቷል፤ የሚሰማው የግድግዳው ሰዓት ብቻ ነው። ቀኝ እጁን ዘረጋ። ወረቀቱን ሰጠችው። ራቅ አድርጎ ይዞ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ሳያወጣ ስሟን አነበበ፤ ከዚያ ስሙን። ቁጥሩ ላይ ሲደርስ ጣቱን አሳረፈበት፤ ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት ምድጃ ውስጥ የጨመረው ይህ ይሁን ሌላ፣ ፊቱ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም። ጎንበስ ብላ የግራውን ካልሲ አስተካከለችለት።

«እሷ ናት?» አላት ከላይ። «እርግጠኛ ነሽ?»

በዚህ ጊዜ የተጠየቀችው በምታውቀው ቋንቋ ነበር። እጇ ካልሲው ላይ እንዳለ ቀና ብላ አየችው።

«አዎ» አለችው።